የሞተረኞች ጥያቄና መልስ፦ ለፊት ሾክ ስንት ቁጥር ዘይት?

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ በሞተር ሳይክል የፊት ሾክ ዘይት ላይ ያተኮሩ ናቸው። ጠያቂዎቻችን በአመዛኙ ከፒያሳ፣ ከአራት ኪሎ፣ ከሜክሲኮና ከካዛንቺስ ሲሆኑ የሚነዷቸውም ከ100 እስከ 200 ሲሲ የሆኑ ሞተሮች ናቸው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ቦክሰር 150 ይዤ ዕቃ አደርሳለሁ። ከኋላ ያለው ሳጥን ሲሞላ 25 ኪሎ ይደርሳል። ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ስወርድ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ፊቱ እስከ መጨረሻው ይሰምጣል። ጋራዥ ስጠይቅ «ቁጥር 20 ዘይት ጨምርበት፣ ይጠነክርልሃል» አሉኝ። ልስማቸው?
(ዕቃ አድራሽ፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ቁጥር 20ን ለጊዜው ይተዉት፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ዘይቱ ይወፍራል። በፊት ሾክ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ሥራዎች አሉ። ክብደት የሚሸከመው ሞላው ነው። ከዘይቱ በላይ የታፈነው አየር ደግሞ ሾኩ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ እየተጨመቀ ሞላውን ያግዛል። ዘይቱ ክብደት አይሸከምም። ሥራው እንቅስቃሴውን ማርገብ ነው፤ በውስጠኛው ዘንግ ላይ ባሉት ትናንሽ ቀዳዳዎች ሲያልፍ የሚፈጥረው ተቃውሞ ሾኩ በምን ፍጥነት እንደሚወርድና እንደሚመለስ ይወስናል። ስለዚህ ወፍራም ዘይት ፊቱ የሚሰምጥበትን ፍጥነት ይቀንሳል እንጂ የሚሰምጥበትን ልክ አይቀንስም። በቸርችል ቁልቁለት ፍሬን የሚያዘው ለረጅም ጊዜ ስለሆነ ወፍራሙም ዘይት ትንሽ ዘግይቶ እዚያው ቦታ ላይ ያርፋል።

መጀመሪያ የሞላውን ሁኔታ ይለኩ። የፊት ጎማው ከመሬት እስኪለቅ ሞተሩን ያንሱና ከአቧራ መከላከያው እስከ ቧንቧው መቆንጠጫ ያለውን የክሮም ርዝመት ይለኩ። ከዚያ ሄልሜትዎንና ጃኬትዎን ለብሰው፣ ሳጥኑም እንደ ወትሮው ተጭኖ፣ በቀስታ ይቀመጡበት፤ ረዳትዎ እንደገና ይለካል። የሁለቱ ልዩነት በክብደትዎ ብቻ የወረደው ልክ ነው። በእንዲህ ዓይነት ሞተር ላይ ሾኩ የሚጓዘው ጠቅላላ ርዝመት ብዙውን ጊዜ ከ110 እስከ 130 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ቢወርድ ጤነኛ ነው። ከ45 በላይ ከወረደ ግን ሞላው ደክሟል ወይም ለሸክምዎ ለስላሳ ነው፤ ይህን የትኛውም ቁጥር ዘይት አያስተካክለውም።

ሞላው የደከመ ከሆነ ዋናው መፍትሔ መቀየር ነው። ሌላው ርካሽ መንገድ በሞላው አናትና በክዳኑ መካከል ግድግዳው ወፍራም የሆነ አጭር ቧንቧ ቆርጦ፣ ከላይና ከታች ሮንዴላ አድርጎ ማስገባት ነው። 10 ሚሊ ሜትር ሲጨምሩ ፊቱ ወደ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ከ20 በላይ አይሂዱ። ሾኩ ሙሉ በሙሉ ሲጨመቅ የሞላው ጥቅልሎች እርስ በርሳቸው ሊነካኩ ይችላሉ፤ ክዳኑንም መልሶ ማሰር ትግል ይሆናል።

ሞላው ደህና ሆኖ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ሴንቲ ሜትሮች ላይ ብቻ «ጓ» እያለ የሚመታ ከሆነ፣ ቁጥሩን ሳይቀይሩ በየእግሩ (ከጎማው ግራና ቀኝ ባሉት በሁለቱ የሾክ ቧንቧዎች በእያንዳንዱ) 5 ሚሊ ሊትር ዘይት ይጨምሩና ይሞክሩ፤ ካልበቃ ሌላ 5። ከዘይቱ በላይ ያለው አየር ባነሰ ቁጥር መጨረሻው ላይ ይጠነክራል። ከ15 ሚሊ ሊትር በላይ መጨመር ግን አንመክርም። አየሩ መግቢያ ሲያጣ ዘይቱ ራሱ ሾኩን ይቆልፈዋል፤ ግፊቱን የሚሸከመው ኦይል ሲሉ (ዘይቱ እንዳይወጣ የሚያፍነው የጎማ ቀለበት) ነው፤ እሱም በመጀመሪያው ጥልቅ ጉድጓድ ይፈነዳል።

የዘይቱ ቁጥር ተራ የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሞተሩን ቀጥ አድርገው ይዘው ፊቱን በሙሉ ኃይልዎ ወደ ታች ይጫኑና ይልቀቁት። ተነስቶ በአንዴ ከረጋ ዘይቱ ልክ ነው። ተነስቶ፣ እንደገና ወርዶ፣ እንደገና ከተነሳ ዘይቱ ቀጥኗል ወይም አርጅቷል። እየተጎተተ በዝግታ ከተነሳ ደግሞ ወፍራም ነው። ዋናው መመዘኛ አመላለሱ ነው፤ አወራረዱን በአብዛኛው ሞላው ይመራዋል።

ለርስዎ፣ የፋብሪካው መመሪያ ቁጥር 10 የሚል ከሆነና ፊቱ ሁለት ጊዜ የሚዘል ከሆነ፣ ቁጥር 15 ይበቃዎታል። ቁጥር 20ን የማንወደው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ዓይነቱ ቀላል ሾክ ውስጥ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የዘይቱ ተቃውሞ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ስለታም ጠርዝ ያለው ጉድጓድ ወይም የፍጥነት መገደቢያ ጉብታ በድንገት ሲመታ ዘይቱ በቀዳዳዎቹ ለማለፍ ጊዜ ስለማያገኝ ድንጋጤው በቀጥታ ወደ መሪው፣ ከመሪውም ወደ አንጓዎ ይመጣል። በኮብልስቶን ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሾኩ ከአንዱ ድንጋይ ሳይመለስ ሁለተኛው ይመታዋል፤ ሦስተኛው ይደገማል፤ እንዲህ እያለ ፊቱ እንደ ወረደ ይቀራል። ነጂው «ሾኩ ደረቀ» ይላል፤ ጋራዡም የባሰ ወፍራም ዘይት ይሰጠዋል።

አንድ የዘነጋነው ነገር፦ ሳጥኑ ከኋላ ጎማ አናት በስተኋላ ከተንጠለጠለ ክብደቱን የሚሸከመው የኋላው ሾክ ነው፤ የፊቱ እንዲያውም ይቀልለዋል። ስለዚህ ጭነት ሲበዛ መጀመሪያ የኋላውን ሞላ ማጥበቂያ አንድ ወይም ሁለት ጥርስ ከፍ ያድርጉ። ሳጥኑንም በተቻለ መጠን ወደ መቀመጫው ያስጠጉት።

ጥያቄ፦ ከሱማሌ ተራ ሁለት ጠርሙስ የሾክ ዘይት ገዛሁ። ሁለቱም ላይ ቁጥር 10 ተብሎ ተጽፏል፤ አንዱ ግን በጣም ቀጭን ነው። አንደኛው አስመስሎ የተሠራ ነው ማለት ነው?
(ከሜክሲኮ)

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ ግን ሁለቱም እውነተኛ ሆነው እንዲህ ሊለያዩ ይችላሉ። በሞተር ዘይት ላይ ከቁጥሩ ጎን ያለው ደብልዩ ሁሉም አምራች የሚገዛበት የቅዝቃዜ ፈተና አለው። በሾክ ዘይት ላይ ግን እንዲህ ያለ አስገዳጅ ልክ ስለሌለ ቁጥሩ ከአምራች አምራች ይለያያል። የአንዱ ቁጥር 10 የሌላውን ቁጥር 7 ወይም ቁጥር 15 ሊያክል ይችላል።

እውነተኛው መለኪያ በጠርሙሱ ጀርባ ወይም በአምራቹ የቴክኒክ ወረቀት ላይ የሚገኘው «ሴንቲስቶክ በ40 ዲግሪ» የሚለው ቁጥር ነው፤ ሴንቲስቶክ የፈሳሽ ውፍረት መለኪያ ነው። በገበያ ላይ ያሉት ብዙውን ጊዜ እንዲህ ይሆናሉ፦ ቁጥር 5 ከ15 እስከ 25፣ ቁጥር 10 ከ28 እስከ 45፣ ቁጥር 15 ከ43 እስከ 60፣ ቁጥር 20 ከ65 እስከ 90። የቁጥር 10 ጫፍ የቁጥር 15ን መነሻ አልፎ ሲሄድ ያያሉ፤ ግራ መጋባቱም ከዚህ ይመጣል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተስማማዎትን ዘይት ስሙንና ሴንቲስቶኩን በሰርቪስ ደብተርዎ ላይ ይጻፉ። በሚቀጥለው ጊዜ ስሙ ከጠፋ በሴንቲስቶኩ ይፈልጉ።

ወረቀት ከሌለ ቤት ውስጥ ማወዳደር ይቻላል። ሁለት ተመሳሳይ ሲሪንጅ ከነቀጭን መርፌያቸው ይውሰዱ፤ መግፊያቸውን ያውጡ። ሁለቱን ዘይቶች አንድ ክፍል ውስጥ ለጥቂት ሰዓት ያሳድሯቸውና ሙቀታቸው እኩል ይሁን። እኩል መጠን ሞልተው በራሱ ክብደት እንዲንጠባጠብ ይተዉት፤ ሰዓት ይያዙ። አንዱ እጥፍ ጊዜ ከወሰደ በግምት እጥፍ ወፍራም ነው። ውፍረቱን የሚያውቁት አንድ ዘይት ካለዎት የሌላውን ከእሱ መገመት ይችላሉ።

ከአንድ አምራች የሆኑ ሁለት ቁጥሮችን ደባልቆ መሃለኛውን ማግኘትም ይቻላል። ውጤቱ ግን ከሂሳቡ መሃል ትንሽ ወደ ቀጭኑ ያደላል፤ 18 እና 36 ሴንቲስቶክ እኩል ቢደባለቁ 27 ሳይሆን 25 ገደማ ነው የሚሆነው። የተለያዩ አምራቾችን ዘይት አይደባልቁ፤ የአንዱ አረፋ መከላከያ ከሌላው ጋር ላይስማማ ይችላል።

ጥያቄ፦ የሾክ ዘይት ሁልጊዜ አይገኝም፤ ሲገኝም ዋጋው አይቀመስም። 20/50 የሞተር ዘይት፣ ቀዩን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት፣ ወይም የኤክስካቫተር ሃይድሮሊክ ዘይት ብጠቀም ምን ይሆናል? አንዳንዱ የተቃጠለ ዘይት ነው የሚያደርገው።
(ከአውቶቡስ ተራ)

መልስ፦ 20/50 የሞተር ዘይት በ40 ዲግሪ ከ150 ሴንቲስቶክ በላይ ነው፤ ከቁጥር 10 የሾክ ዘይት ጋር ሲተያይ አራት እጥፍ ወፍራም ነው። እዚያ ላይ ያለው «20» የሾክ ዘይቱ «20» አይደለም። የሞተር ዘይት በተጨማሪ ቆሻሻ ለማንሳፈፍ የተሠራ ማጽጃ ስላለው በሾክ ውስጥ ያለማቋረጥ ሲናጥ ከሾክ ዘይት ይልቅ ለአረፋ ይቀርባል። አረፋ አየር ስለሆነ በቀዳዳው ሲያልፍ ተቃውሞ የለውም፤ ጠዋት ደረቅ የነበረው ሾክ ከሰዓት ላይ የሚዘልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ቀዩ ዘይት ከአማራጮቹ ሁሉ የተሻለው ነው። ዴክስሮን 3 የሚባለው ዓይነት በ40 ዲግሪ ወደ 35 ሴንቲስቶክ ስለሚጠጋ ከቁጥር 10 የሾክ ዘይት ጋር ይመጣጠናል፤ የአረፋ መከላከያም አለው። ሆንዳ ራሱ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ለነበሩ በርካታ ሞተሮቹ የፊት ሾክ ይህንኑ የካምቢዮ ዘይት ያዝዝ ነበር። ዴክስሮን 6 ግን ቀጠን ይላል፤ 30 ገደማ ነው፤ ቀለማቸው አንድ ስለሆነ ጠርሙሱን ያንብቡ።

የሃይድሮሊክ ዘይት አንድ ውበት አለው፤ ቁጥሩ አይዋሽም። አይ ኤስ ኦ 32 የሚለው በ40 ዲግሪ 32 ሴንቲስቶክ አካባቢ ነው፤ 46ቱም 46፣ 68ቱም 68። ስለዚህ 32ቱ ቁጥር 10ን፣ 46ቱ ቁጥር 15ን ይተካል። ድክመቱ ሙቀት ሲቀያየር ውፍረቱ በብዛት መለዋወጡ ነው፤ ወደዚህ ከታች እንመለስበታለን። ለከተማ ሥራ ግን የታሸገና ንጹሕ ከሆነ ያገለግላል። ከተከፈተ በርሜል የተቀዳውን አይውሰዱ።

የተቃጠለ ዘይት በፍጹም አያድርጉ። በውስጡ ያለው የብረት ብናኝ ቡሺንጉን (ክሮሙ የሚንሸራተትበትን ቀለበት) እና ኦይል ሲሉን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። የፍሬን ዘይትም እንዲሁ፤ ቅባትነት የለውም፣ የሾኩን ጎሚኒዎች ያሳብጣል፣ ቀለምም ይልጣል።

ጥያቄ፦ ዘይቱን ራሴ ልቀይር ነው። ስንት ሚሊ ሊትር ላድርግ? ቅደም ተከተሉስ? ባለፈው መካኒኩ «በዓይኔ አውቀዋለሁ» ብሎ ሞላልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ሞተሩ ወደ አንድ ጎን የሚጎትት ይመስለኛል።
(ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ በዓይን አይታወቅም። በዚህ መጠን ባሉ ሞተሮች ብዙዎቹ በየእግሩ ከ130 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ይይዛሉ፤ ትክክለኛው ቁጥር የርስዎ ሞተር መመሪያ ላይ ያለው ነው። መመሪያው ሁለት መጠን ሊሰጥ ይችላል፤ አንዱ ዘይት ለመቀየር ብቻ፣ ሌላው ሾኩ ተፈትቶ ሲታጠብና ሲደርቅ። ሳይፈታ ሲገለበጥ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር የሚሆን አሮጌ ዘይት ግድግዳው ላይና በዘንጉ ዙሪያ ይቀራል። ይህን ሳያስቡ የደረቁን መጠን ካስገቡ ከመጠን በላይ ይሆናል። ግማሽ ሊትር ጠርሙስ ለሁለቱም እግር ይበቃል።

ያዘጋጁት፦ ክሪክ ወይም ጠንካራ የእንጨት መደገፊያ፣ ቁልፎች፣ ባለ 60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ከቀጭን ቱቦ ጋር፣ መለኪያ ኩባያ፣ ማስመሪያ፣ ንጹሕ ጨርቅ። መካኒኮች በብዛት የሚስቱት የመጀመሪያውን እርምጃ ነው፦ ሾኩ ገና ሞተሩ ላይ እንዳለ የላይኛውን መቆንጠጫ ብሎን ያላሉና የሾኩን ክዳን አንድ ዙር ብቻ ይፍቱ። ከወጣ በኋላ ክሮሙን በሞርሳ ወይም በፒንሳ ይዞ መፍታት ቧንቧውን ይጭረዋል፤ አንድ ጭረት ደግሞ ኦይል ሲሉን ሲቆርጥ ይኖራል።

ከዚያ የፊት ጎማውን ያውጡ። የፍሬኑን ካሊፐር (ሸራውን የሚይዘውን ክፍል) በቱቦው ተንጠልጥሎ እንዳይቀር በሽቦ ከመሪው ጋር ይሰሩት። ክሮሙ ከመቆንጠጫው በላይ ስንት ሚሊ ሜትር እንደወጣ ይለኩና ይጻፉ። የታችኛውን መቆንጠጫ አላልተው እግሩን እያዞሩ ወደ ታች ይጎትቱት። ክዳኑን ሲፈቱ በመዳፍዎ ወደ ታች ይጫኑ፣ ፊትዎንም ከላዩ ያርቁ፤ ሞላው ታፍኖ ነው የሚቀመጠው። ሞላው የትኛው ጫፉ ወደ ላይ እንደነበር ምልክት ያድርጉ፤ አንዳንዱ በአንድ በኩል ጥቅልሉ ይጠባል፣ በነበረበት አኳኋን ይመለስ።

ዘይቱን ይገልብጡና ክሮሙን 10 ወይም 15 ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ያንቀሳቅሱ፤ ከዚያ ለግማሽ ሰዓት ተዘቅዝቆ ይንጠፍጠፍ። የወጣውን ዘይት ለክተው ቀለሙን ይዩ። ግራጫና የሚያብረቀርቅ ከሆነ ቡሺንጉ ወይም አልሙኒየሙ እየተበላ ነው፤ ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቷል፤ ይህ ከክረምት በኋላ ወይም በግፊት ውሃ በሚያጥቡ ሰዎች ሞተር ላይ ይበዛል። በጣም ከቆሸሸ 50 ሚሊ ሊትር ርካሽ ቀጭን ዘይት አስገብተው ያለቅልቁት፣ ይድፉት። በቤንዚን አይጠቡ፤ ጎሚኒውን ያደርቃል፣ የቀረውም አዲሱን ዘይት ያቀጥናል።

ሲሞሉ ከታዘዘው 10 ሚሊ ሊትር ያህል አሳንሰው ይጀምሩ። ሞላው ሳይገባ ክሮሙን በዝግታ ከፍ ዝቅ ያድርጉ፤ መጀመሪያ ላይ ባዶ የሚል ቦታ ይሰማዎታል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል እስኪከብድ ድረስ ይቀጥሉ። ከዚያ ክሮሙን ሙሉ በሙሉ ወደ ታች አውርደው፣ እግሩን ቀጥ አድርገው አቁመው፣ 10 ደቂቃ ይጠብቁ። አሁን ከክሮሙ አናት እስከ ዘይቱ ገጽ ያለውን ርቀት በማስመሪያ ይለኩ። መመሪያው ርቀቱን ከሰጠ ከሚሊ ሊትሩ ይልቅ ይህን ይመኑ። ትርፉን ለመምጠጥ በሲሪንጁ ቱቦ ላይ በሚፈለገው ርዝመት ምልክት አድርገው ያስገቡትና ከእንግዲህ አልመጣም እስኪል ይሳቡ። በቀጭን ሾክ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ልዩነት ግማሽ ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሆነ ከኩባያው ይልቅ ማስመሪያው ትክክለኛ ነው።

ሁለቱ እግሮች ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ እንዳይለያዩ ያድርጉ። የርስዎ «ጎን መጎተት» ግን በዘይት ልዩነት ብቻ ይመጣል ብለን አናምንም፤ ይልቁን ጎማው ሲመለስ የተሠራው ስህተት ይመስለናል። የጎማው ዘንግ ሲታሰር እግሩ ላይ ያለውን የዘንግ ማጥበቂያ ብሎን ወዲያው አያጥብቁ። ሞተሩን አውርደው፣ የፊት ፍሬን ይዘው፣ ሾኩን አምስት ስድስት ጊዜ ይጫኑት፤ ሁለቱ እግሮች ራሳቸውን ያስተካክላሉ። ከዚያ ያጥብቁ። ይህ ሲዘለል እግሮቹ ተጣምመው ይያያዛሉ፤ ሾኩ ያንቃል፣ ቡሺንጉም በአንድ ጎን ይበላል። የክሮሞቹ ቁመትም በመቆንጠጫው ላይ እኩል መሆኑን ያረጋግጡ።

ከመንዳትዎ በፊት የፍሬን እጀታውን እስኪጠነክር ደጋግመው ይጫኑ፤ ካሊፐሩ ሲፈታ ሸራው ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል።

የመቀየሪያ ጊዜው ደግሞ መመሪያው ሌላ ካላለ ከ10,000 እስከ 15,000 ኪሎ ሜትር፣ ወይም ሁለት ዓመት፣ ከሁለቱ ቀድሞ በደረሰው። ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ሞተር በየዓመቱ ቢሆን አይበዛበትም።

ጥያቄ፦ ዘይት ካስቀየርኩ በሳምንቱ አንዱ እግር ያልብ ጀመር። ወፍራም ዘይት ባደርግ መፍሰሱ ይቆማል?
(ከካዛንቺስ)

መልስ፦ አይቆምም። መጀመሪያ ከመጠን በላይ ተሞልቶ እንደሆነ ያረጋግጡ፤ ካልሆነ የአቧራ መከላከያውን በካቻቪቴ ሳይሆን በጣት ወይም በፕላስቲክ ነገር ወደ ታች ያውርዱና በሲሉ ከንፈር ሥር አሸዋ እንዳለ ይዩ። የድሮ ፎቶ ፊልም ቆርጠው፣ ጠርዙን አለስልሰው፣ በክሮሙና በሲሉ መካከል አስገብተው በዙሪያው ሲያዞሩት ቆሻሻው ይወጣል። ብዙ ጊዜ በዚህ ብቻ ይደርቃል።

ካልደረቀ በክሮሙ ላይ ጥፍርዎን ያሂዱ። ጥፍር የሚይዝ የዝገት ነጥብ ወይም ጭረት ካለ አዲሱም ኦይል ሲል አይበረክትም። ጥቃቅኑን በ1,000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በዘይት አርጥበው፣ ወደ ላይና ወደ ታች ሳይሆን በዙሪያው ማለስለስ ይቻላል። ጥልቅ ከሆነ ቧንቧው ይቀየር።

ኦይል ሲል ሲገዙ የሞተሩን ስም ብቻ አይናገሩ፤ አሮጌው ላይ የተጻፉትን ሦስት ቁጥሮች ያሳዩ፦ የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋት፣ ቁመት። ለምሳሌ 31×43×10.3። በውስጥ ስፋቱ አንድ ሚሊ ሜትር ቢያንስ ይነክሳል፣ ቢበልጥ ያፈሳል። ሲገጠም ቀጭኗ ክብ ሞላ የምትታይበት ክፍት ጎኑ ወደ ታች፣ ወደ ዘይቱ ይሁን። የክሮሙን ጫፍ በፌስታል ጠቅልለው፣ ፌስታሉን ዘይት ቀብተው ሲሉን ያሳልፉት፤ የቧንቧው ጠርዝ ከንፈሩን እንዳይቆርጠው። የሚያፈሰው አንዱ ቢሆንም ሁለቱንም ይቀይሩ። ዘይቱ ወደ ፍሬን ዲስክ ወይም ሸራ ከወረደ ግን ሞተሩን ዛሬውኑ ያቁሙት።

ጥያቄ፦ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ሾኩ እንጨት ይሆናል፤ ረፋዱ ላይ ይለሰልሳል። የያማሃዬ ዕድሜ ከልጆቼ ይበልጣል፤ የእርጅና ምልክት ይሆን?
(የድሮ ያማሃ ባለቤት፣ ከስድስት ኪሎ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ያማሃዎ ጤነኛ ነው፤ የሚለወጠው ዘይቱ ነው። በ40 ዲግሪ 32 ሴንቲስቶክ የሆነ ተራ ዘይት በ15 ዲግሪ ከሦስት እጥፍ በላይ ይወፍራል። የአዲስ አበባ ማለዳ በእነዚያ ወራት ከ10 ዲግሪ በታችም ስለሚወርድ የርስዎ ቁጥር 15 ዘይት ለመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች እንደ ማር ነው። በጠርሙሱ ወረቀት ላይ «ቪስኮሲቲ ኢንዴክስ» የሚል ቁጥር አለ፤ 100 አካባቢ ያለው በሙቀት ብዙ ይለዋወጣል፣ 150 እና ከዚያ በላይ ያለው ልዩነቱ ያንሳል። ለከተማችን ሁለት ዘይት በሴንቲስቶክ እኩል ከሆኑ ኢንዴክሱ ከፍ ያለውን ይምረጡ። ማለዳ ብቻ የሚነዱ ከሆነ ደግሞ አንድ ደረጃ ቀጠን ያለው ይሻላል።

ጥያቄ፦ ከባሕር ጠለል አጠገብ የተገጣጠመ ሞተር አዲስ አበባ ሲመጣ ሾኩ ይጠነክራል ይባላል። እውነት ነው?
(ከስታዲየም አካባቢ)

መልስ፦ እውነት ነው፤ ግን መጠኑ ይጋነናል። በባሕር ጠለል የአየር ግፊት 1 ባር ገደማ ነው፤ በ2,350 ሜትር ከፍታ ወደ 0.76 ባር ይወርዳል። በሾኩ ውስጥ የታፈነው አየር ከውጭው በሩብ ባር ያህል ይበልጣል። በ30 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ላይ ይህ በየእግሩ ሁለት ኪሎ የማይሞላ ግፊት ነው። ሾኩ ሲጨመቅ ይባዛል፣ ሲሉንም ያለማቋረጥ ይገፋል። የፊት ጎማውን ከመሬት አንስተው፣ ሾኩ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ሳለ ክዳኑን በጥንቃቄ አላልተው «ጢስ» ሲል መልሰው ያጥብቁት። ጎማው መሬት ላይ እያለ አይንኩት። ወደ አዋሽ ወይም ወደ አፋር ሲወርዱ ተቃራኒው ይሆናል፤ ፊቱ ጥቂት ይለሰልሳል፣ ሙቀቱም ዘይቱን ያቀጥነዋል።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው የምነዳው። የሸጡልኝ ሰዎች «ዘይት የሚባል ነገር የለውም» ብለውኛል። ግን በኮብልስቶን ላይ ፊቱ ቅ ቅ ቅ ይላል።
(ከለገሃር)

መልስ፦ እህታችን፣ የሞተር ዘይት የለውም ለማለት ፈልገው ይሆናል። የፊት ሾኩ በቤንዚን ሞተር ላይ ካለው ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ ዘይት አለው፤ እሱም ያረጃል። ቅ ቅ የሚለው ድምፅ ግን ሁልጊዜ ከሾክ አይመጣም። የፊት ጎማውን አስነስተው፣ ከፊት ቆመው፣ የሁለቱን እግሮች ታች ይዘው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይነቅንቁ። መሪው አንገት ላይ ጣትዎን ሲያደርጉ ንቅናቄ ከተሰማዎት የመሪው ኩሽኔታ ላልቷል፤ ማጥበቅ ወይም መቀየር ነው። ንቅናቄው በክሮሙና በታችኛው እግር መካከል ከሆነ ቡሺንጉ ተበልቷል። ሁለቱም ጥብቅ ሆነው ሾኩ እስከ መጨረሻው ሲዘረጋ ብቻ የሚያንኳኳ ከሆነ ዘይቱ ጎድሏል፤ ክዳኑ ተከፍቶ ከፍታው ይለካ፣ ከዚያ በፊት አዲስ ሾክ ግዢ ለሚልዎት ሰው ገንዘብ አያውጡ።